የቅድመ አያቴ ነፍጥ ሁለት ብረት ጎድሎታል፤ በእጅ ቀጥቅጦ ስለመተካት ምክር እሻለሁ

ተንታው
ጥር 9

ጤና ይስጥልኝ ወገኖቼ። ትውልዴ ተንታ ነው፣ የምኖረው ደሴ። አባቴ ካረፈ በኋላ ከቆጥ የወረደው የቅድመ አያቴ ነፍጥ አሁን እኔ እጅ ነው። በአፈሙዙ የሚጎርስ፣ መሬት ላይ ሲቆም ደረቴን የሚያልፍ ረጅም ነፍጥ ነው። በልጅነታችን በመስቀል ሰሞን ይወርድና አባባ ቅቤ ባስነካው ጨርቅ ያሸው ነበር። እኛ ልጆቹ ሰደፉን ለመንካት ተራ እንጠብቃለን። ቤተሰቡ «ከመቅደላ የመጣ ነው» ይላል።

ሁለት ነገር ይጎድለዋል። እንጨቱንና ቱቦውን አቅፈው ከሚይዙት ሦስት ቀለበቶች መካከለኛው የለም፤ አጎቴ በቦታው የመብራት ሽቦ ጠምጥሞበታል። የሰደፉ ብረትም ወልቋል፤ እንጨቱ ባዶውን መሬት እየነካ ጠርዙ ተበልቷል። ከምላጩ ኋላ አንገቱ ላይ ደግሞ በጥሬ ቆዳ የተሰፋ አሮጌ ስብራት አለ።

የሚሰቀለው ግድግዳ ላይ ነው፣ ሊተኮስበት አይደለም። ግን ያንን ሽቦ ባየሁ ቁጥር ያንገበግበኛል። በኩታበር በኩል ማረሻና ማጭድ የሚሠሩ አንድ ቀጥቃጭ አባት አሉ፤ «ልኩን አምጣልኝ፣ ወናፉን አንተ ትነፋለህ» ብለውኛል። ልኩን እንዴት ልውሰድ? ምን ዓይነት ብረትስ ልግዛላቸው?

ባለወናፍ
ጥር 9

ወንድሜ ተንታው፣ ስለ ብረት ከማውራታችን በፊት አንድ ነገር ልጠይቅህ። ነፍጡ ጎርሶ እንደሆነ አይተሃል?

አባቴ ቀጥቃጭ ነበር፣ እኔም ኮምቦልቻ ብረት ሥራ ላይ ነኝ። ልጅ ሳለሁ አንድ ሰው እንደ አንተ ያለ ነፍጥ ለጥገና ይዞ መጣ። አባቴ እሳቱ አጠገብ አላስደርስም አለ። ቀጭን የእንጨት ዘንግ በአፈሙዙ እስከ መጨረሻው ሰደደና ከአፉ ጋር እኩል የሆነበትን ቦታ በጥላሸት ምልክት አደረገበት። ከዚያ ዘንጉን አውጥቶ በቱቦው ውጭ በኩል አስተኛው። ጫፉ ካፕሱሉ (ሲመታ ብልጭታ የሚሰጠው ትንሽ ቆብ) ከሚቀመጥባት ጡት ዘንድ መድረስ ነበረበት፤ አራት ጣት ያህል ቀረው። ጎርሶ የተቀመጠ ነበር ማለት ነው። ጥቁር ባሩድ ደረቅ ሆኖ ከቆየ መቶ ዓመትም ቢያልፈው ብልጭታ ሲያገኝ ይነሳል።

ስለዚህ መጀመሪያ ይህን ለካ። ስትለካ አፈሙዙ ወደ አንተም ወደ ሰውም አይዙር። እስኪጣራ ድረስ ከእሳት አታስጠጋው፣ ትራፓኖ አታስነካው፣ ቃታውንም አታንቀሳቅስ። ከተጣራ በኋላም ቢሆን ወደ እሳት የሚገባው አዲሱ ብረት ብቻ ነው፤ አሮጌው ነፍጥ በሌላ ክፍል ይቀመጥ።

የቅርስ ዘበኛ
ጥር 10

ባለወናፍ ያለው ትክክል ነው፣ ዛሬውኑ አድርገው። ሁለተኛ፣ በወረዳው ታውቋል? የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝን ይከለክላል። «ያረጀ ነው፣ አይተኩስም» የሚለውን አንተ ከምትወስን እነሱ አይተው ይወስኑ። የወረዳው ባህልና ቱሪዝም ሰዎችም ቢያዩት መልካም ነው። ለቀጥቃጩ አባትም የምትወስደው ልኩን እንጂ ነፍጡን አይሁን፤ መንገድ ላይ አታመላልሰው።

«ከመቅደላ የመጣ» የሚለውን የቤተሰብ ቃል አትጣለው። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም በመቅደላ ሥር፣ በአሮጌ ሜዳ ጦርነት እንግሊዞች ይዘውት የመጡት ሰናድር የተባለው ጠመንጃ ከኋላው የሚጎርስ ነበር። እሱ ራሱ በ1853 እ.ኤ.አ. የወጣው በአፈሙዝ የሚጎርስ ኢንፊልድ ኋላው ተቆርጦና መክፈቻ ተገጥሞለት የተሠራ ነው። በአጼ ቴዎድሮስ ሰዎች እጅ ደግሞ በአፈሙዙ የሚጎርስ በብዛት ነበረ፤ ባለ ሁለት አፍ አለ፣ በክር የሚለኮስም አለ። ስለዚህ ከመቅደላ ከሆነ ከንጉሡ ወገን ሊሆን ይችላል። ነገር ግን እንዲህ ያለ ነፍጥ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት ከባሕር በር ሲገባ ኖሯል፤ ስለዚህ ይህ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም።

አንድ ነገር እይልኝ። ከፊት ባለው ቀለበት ላይ ያለችው ማነጣጠሪያ ናስ ናት ወይስ ብረት?

ዋንዛ ሥር
ጥር 10

እኔ ሐይቅ አናጺ ነኝ፤ ብረቱን ለባለቤቶቹ ልተወውና ስለ እንጨቱ ልናገር።

የጠፋው ብረት ምን እንደነበረ እንጨቱ ራሱ ይነግርሃል። ሰደፉን ወደ ብርሃን አዙርና ምስማሮቹ የነበሩባቸውን ቀዳዳዎች እይ። ብረት የነበረበት እንጨት በዙሪያው ይጠቁራል፣ ቀለም የፈሰሰበት ይመስላል። እንጨቱ ውስጥ ያለው፣ ቆዳ የሚያለፋው ዓይነት መራራ ነገር ከብረት ጋር በእርጥበት ሲገናኝ ጥቁር ይሆናልና። ናስ ከነበረ ግን አረንጓዴ ዝገት በቀዳዳው አፍና በጭረቶቹ ውስጥ ታገኛለህ። ጥቁር ካገኘህ በብረት ተካ፣ አረንጓዴ ካገኘህ ብረት አታስገባበት።

በርህራሄ የምለምንህ ሌላ ነገር አለ። ሽቦውን አውጣው፣ ጥሬ ቆዳውን ግን እንዳትነካው። ቆዳው እርጥብ ሳለ ተሰፍቶ ሲደርቅ ተኮማትሮ ስብራቱን ጨምድዶ ይዞታል። ብትቆርጠው አንገቱ ለሁለት ይሆናል። ደግሞም ያንን ስፌት የሰፋው እጅ ነፍጡን ተሸክሞ የኖረ ሰው እጅ ነው። ያንን በምን ትተካዋለህ?

ሐሊማ ከወረ ኢሉ
ጥር 11

አልፎ ሂያጅ አንባቢ ነኝ፤ ግን ይሄን አይቼ ማለፍ አልሆነልኝም። አያቴ ቀጥቃጭ ነበሩ። አገር ሙሉ በእሳቸው ማረሻ ያርሳል፣ በእሳቸው ማጭድ ያጭዳል፤ ከእሳቸው ጋር ገበታ መቅረብ ግን ይጸየፋል። «ጠይብ» ይሏቸው ነበር፣ ከዚያ የከፋም ይሏቸው ነበር። አጼ ምኒልክ ሠራተኛን በሙያው መስደብን በአዋጅ ቢከለክሉም ስድቡ እኛ ቤት ደጃፍ ድረስ ዘልቆ አይቼዋለሁ። እናቴ በትዳሯ ሳይቀር ከፍላበታለች።

ተንታው ወንድሜ፣ «ቀጥቃጭ አባት» ብለህ በአክብሮት ስለጻፍክ አላህ ያክብርህ። አንድ ነገር ልጠይቅህ። አዲሱ ብረት ሲያልቅ በውስጠኛው፣ እንጨት በሚሸፍነው ፊቱ ላይ የእሳቸውን ምልክትና ዓመተ ምሕረቱን በመሮ አስቆርጥ። የአያቴ እጅ ሥራ በየቤቱ አለ፣ አንዱም ላይ ምልክት የለበትም።

የቅርስ ዘበኛ
ጥር 11

እህቴ ሐሊማ፣ ያልሽው ከእኔም ሙያ ጋር ይገጥማል። አዲስ የገባ አካል ከአሮጌው እንዳይምታታ ዓመቱ ይጻፍበታል። ነገ አንድ ሰው ሰደፉን ፈትቶ ሲያይ ምንም ሳይጠይቅ ያውቀዋል።

ፈጣን እጅ
ጥር 12

ይሄን ያህል ምን ያስጨንቃል? ባሌስትራ (የመኪና ሞላ ብረት) ቆርጦ፣ በግራይንደር ሞርዶ፣ በኤሌክትሪክ በይዶ በግማሽ ቀን ይጨረሳል። ጥቁር ቀለም ቢቀቡት ማንም አይለየውም።

ባለወናፍ
ጥር 12

ወንድም ፈጣን እጅ፣ በየቀኑ በብየዳ እንጀራዬን የምበላ ሰው ነኝና ብየዳን አልንቅም። ለዚህ ሥራ ግን ባሌስትራ የተሳሳተ ብረት ነው። ባሌስትራ ካርቦኑ ብዙ ነው፤ ለማጭድና ለቢላዋ የሚወደድበት ምክንያት ለቀለበት ይጠላበታል። ቀልቶ ሳለ ውኃ ቢነካው እንደ ሸክላ ይሰነጠቃል፤ በቀዝቃዛው ሲታጠፍም አሻፈረኝ ይላል። ፌሮም አልመክርም፤ አንዱ ለስላሳ ይሆንና ሌላው ከመሐሉ ደረቅ ይወጣል።

ተንታው፣ ተራ ለስላሳ ላሜራ ግዛ፤ ለቀለበቱ 2 ሚሊ ሜትር፣ ለሰደፉ 3 ሚሊ ሜትር። ገሊባኖ የሌለበት ይሁን። ያ ነጭ ሽፋን ዚንክ ነው፣ እሳት ውስጥ ሲገባ ጭሱ ያሳምማል። ቀጥቃጩ አባታችን ሳንባቸውን ይጠብቁ።

ስለ ልኩ ነገ በሰፊው እጽፋለሁ።

ተንታው
ጥር 13

ለካሁ።

ዘንጉ አምስት ጣት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ቆመ። ሦስት ጊዜ ደጋገምኩት። እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፈው። ያ ነፍጥ እኛ ሕፃናት ሰደፉን ስናሻሽ፣ እናቴ ከሥሩ ምድጃ ስታነድ፣ ያን ሁሉ ዘመን ጎርሶ ነው የኖረው።

ለወረዳው ሰዎች ነግሬያለሁ፤ ነገ መሣሪያ የሚያውቅ ባለሙያ ይዘው ይመጣሉ። እስከዚያ በሩ ተቆልፏል፣ ልጆቹ እህቴ ዘንድ ናቸው።

ባለወናፍ
ጥር 13

እሰይ፣ ተመስገን። አብሽር ወንድሜ። አንተ አትነካካው፣ አትቆርቁረው። ለሚመጣው ባለሙያ ተወው። ልኩን ከዚያ በኋላ እናወራለን።

ተንታው
ጥር 17

ወጣ። ባለሙያው ብዙ ውኃ ሞልቶበት ሁለት ቀን አቆየውና በሦስተኛው ቀን መጥቶ አወጣው። በጨርቅ የተጠቀለለ የእርሳስ አረር፣ ከሥሩ እንደ ጭቃ የሆነ ጥቁር ባሩድ። ጨርቁ የጋቢ ጥለት ይመስላል፤ አንድ ቀይ ክር አሁንም ቀይ ነው። ባሩዱን እነሱ ወሰዱት፣ አረሩን ለእኔ ሰጡኝ። ቱቦው በሙቅ ውኃ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ዘይት ተቀብቷል። ጡቷም ዳግም እንዳትሠራ ተደፍናለች። ለቤተሰቡ እንዲቀመጥ ፈቅደውልኛል፣ ወረቀቱም በእጄ ነው።

ለጥያቄዎቹ መልስ ይኸውና። ማነጣጠሪያዋ ናስ ናት። የሰደፉ ቀዳዳዎች ደግሞ ዙሪያቸውን ጥቁር ናቸው፣ አረንጓዴ የለም።

የቅርስ ዘበኛ
ጥር 17

እንግዲያው ወደ ፈረንሳይ ያደላል። በብረት ቀለበት ላይ የናስ ማነጣጠሪያ በ1777 እ.ኤ.አ. የወጣው የፈረንሳይ የእግረኛ ጦር ነፍጥ ልማድ ነው። የሰደፉም፣ የምላጩም፣ የቀለበቱም ብረት እውነተኛ ብረት ነበር። የእንግሊዙ ኢንፊልድ ሰደፉም የምላጭ ከለላውም ናስ ነው። የአፉን ስፋት ለካው፤ የፈረንሳዩ ወደ 17 ሚሊ ሜትር ተኩል ነው። መጀመሪያ በባልጩት ድንጋይ ይተኩሱ የነበሩት ብዙዎቹ በኋላ ወደ ካፕሱል ተለውጠዋል።

ባለወናፍ
ጥር 18

አሁን ወደ ብረቱ።

ቀለበቱ ቀላል ይመስላል፤ እንዳትታለል። እንጨቱ ወደ አፈሙዝ እየቀጠነ ስለሚሄድ ቀለበቱ ከፊት ገብቶ ወደ ኋላ ይንሸራተትና ልኩ ሲደርስ ይነክሳል። ስለዚህ የቀለበቱ የፊት አፍ ከኋላው ይጠባል። ደብተር ወረቀት ወስደህ፣ አሮጌው ቀለበት የነበረበት ቦታ ላይ (እንጨቱ ላይ ጥላው ይታያል) አጥብቀህ ጠቅልልና መጋጠሚያውን በእርሳስ አስምር። ስትዘረጋው ቀጥ ያለ ጥብጣብ አይሆንም፤ እንደ ማጭድ ትንሽ ይጎብጣል። ያ ጉብጠት ስህተት መስሎህ በማስመሪያ እንዳታቃናው! ብዙ ሰው ሥራው የሚበላሽበት እዚህ ላይ ነው።

ከዚያ ውፍረቱን አስብ። ወረቀት ውፍረት የለውም፣ ብረት ግን አለው። ብረቱ ሲታጠፍ ውስጡ ይጨመቃል፣ ውጩ ይለጠጣል፤ ልኩን የሚጠብቀው መሐሉ ነው። ስለዚህ በወረቀቱ ዙሪያ ልክ ላይ የብረቱን ውፍረት 3.14 ጊዜ ጨምር። ወረቀትህ 108 ሚሊ ሜትር ከሆነና ላሜራው 2 ከሆነ 114 ከምናምን ይመጣል። አንተ ግን 113 ቁረጥ። አባቴ ሁልጊዜ «ጠባብ ይሁን» ይል ነበር። ጠባብ ቀለበት በመዶሻ እየተመታ ይሰፋል፤ ሰፊ ቀለበት ግን ተቆርጦ እንደገና ካልተበየደ መመለሻ የለውም።

ቅርጹን በነፍጡ እንጨት ላይ አታውጣው። ዋንዛ ሥር ወንድማችን ከወይራ ልኩን የጠበቀ ግንድ ይጥረብልህ፤ ከላይ ክብ፣ ከታች ሾጠጥ ያለ፣ የመጎስጎሻው ዘንግ (አረሩ በአፈሙዙ የሚጠቀጠቅበት) የሚያልፍበት ቦይ ያለው። ብረቱ ብርቱካንማ ሲሆን መታጠፍ ይጀምራል፤ ጥቁር ቀይ ሲሆን ወደ እሳቱ መልሱት። መጋጠሚያው ከሥር በኩል ይዋል፣ ከላይ አይታይም። እሱን በናስ ማያያዝ ይሻላል። ጫፎቹን በሞረድ አስተካክላችሁ ሳትደርቡ ግጠሟቸው፣ ናሱ እንዲይዝ ቦራክስ ነስንሱበት፣ የናስ ቅንጣቢ አስቀምጡበት። ናስ ወደ 900 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል፣ ብረቱ ግን ገና ብርቱካንማ ነው፤ ናሱ እንደ ውኃ ሮጦ ስንጥቁ ውስጥ ሲገባ በዓይንህ ታየዋለህ። ያቺን ቅጽበት ጠብቃት፣ ወናፉን ወዲያው አቁም።

ሰደፉ ከባዱ ነው። ከላይ ተረከዙ ላይ ወደ ፊት የሚታጠፍ ምላስ አለው። ዝም ብለህ ካጠፍከው የማዕዘኑ ውጭ ይሳሳል፣ ቀጥሎ ይሰነጠቃል። መጀመሪያ የሚታጠፍበትን ቦታ ብቻ ታግላለህ፣ የቀረውን በውኃ ታቀዘቅዛለህ፣ ከዚያ ጫፉን በቁሙ ትመታለህ። ብረቱ በጋለበት ወገቡ ላይ ያብጣል። ያ እብጠት ነው በኋላ ማዕዘን የሚሆነው። ይሄን ለአባታችን መንገር አያስፈልግም፣ ማረሻ ሠሪ ከእኔ ይበልጥ ያውቀዋል፤ የምነግርህ አንተ ወናፍ ስትነፋ ምን እንደምታይ እንድታውቅ ነው።

ዋንዛ ሥር
ጥር 18

ግንዱን እጠርባለሁ። ወረቀቱን ላክልኝ።

የሰደፉን ብረት ስትገጥም የኩራዝ ጥላሸት በዘይት ለውሰህ የብረቱን ውስጥ ቀባና እንጨቱ ላይ አስቀምጠው። ጥላሸቱ እንጨቱን የነካበት ቦታ ብረቱ ያበጠበት ነው። ብረቱን ሞርድ፣ እንደገና ሞክር። ሃያ ጊዜም ሠላሳ ጊዜም ይሆናል። አዲስ ሰደፍ ቢሆን እንጨቱን እንቀርጽ ነበር፤ አሮጌ ሰደፍ ግን አይነካም፣ ልክ የሚሆነው ብረቱ ነው። ምስማሩም በአሮጌው ቀዳዳ ይግባ፤ አዲስ ቀዳዳ እንዳትበሳ። ቀዳዳው ከሰፋ የዋንዛ ስንጣሪ በሙጫ አስገባበት።

ተንታው
የካቲት 3

ሁለት ቅዳሜ ኩታበር ሄድኩ። የመጀመሪያው ቀለበት ተበላሸብን። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ጉብጠቱን አይቼ «ተሳስቻለሁ» ብዬ ወረቀቱን ራሴ አቃናሁት፣ ባለወናፍ በግልጽ ጽፎልኝ ሳለ። ቀለበቱ ከኋላ ነክሶ ከፊት ጣት ያስገባ ነበር። አባታችን ሳይቆጡኝ ወደ ጥግ አስቀመጡትና «ይሄ ለማጭድ እጀታ ይሆናል፣ ብረት አይጣልም» አሉ። እሳቸው ወረቀቱን እንደገና ጠቀለሉ፣ በጥፍራቸው መጋጠሚያውን ጫኑ፣ ከቆረጡ በኋላ አልለኩም።

ሁለተኛው ገባ። ናሱ ሲሮጥ አየሁት፤ ወርቅ የመሰለ ክር ሆኖ በስንጥቁ ላይ ጥርት ብሎ አለፈ። ወናፉን አቆምኩ። ደሴ ተመልሼ ማታውኑ ነፍጡ ላይ አስገባሁት። ልኩ ቦታ ላይ «ቀጭ» ብሎ ተቀመጠ፣ መጎስጎሻውም አለፈ። አጎቴ ሽቦውን ራሱ ፈታው፣ ምንም አልተናገረም።

ሐሊማ ከወረ ኢሉ
የካቲት 3

ምልክቱስ?

ተንታው
የካቲት 4

ገና ነው እህቴ። ስጠይቃቸው ብዙ ዝም አሉ። «እኔ ምልክት ኖሮኝ አያውቅም» አሉኝ። ከዚያ ቀጣዩን ቅዳሜ ሲጠብቁኝ ድንጋይ ላይ በከሰል ሥለው አሳዩኝ፤ አንድ ማረሻና ከላዩ ሁለት ነጥብ። ነጥቦቹ ሁለቱ ልጆቻቸው ናቸው አሉ።

ባለወናፍ
የካቲት 4

ይሄን ሳነብ አባቴን አስታወስከኝ። እሱም ምልክት አልነበረውም።

ቀለም እንዳትቀቡት አደራ። አዲሱን ብረት ብቻ፣ ከነፍጡ ርቆ፣ ሳይቀላ አግሉትና የተልባ ዘይት በነካ ጨርቅ ጥረጉት። ይጨሳል፣ ይጠቁራል፣ ዝገትም ይከለክላል። ሦስት አራት ጊዜ ድገሙት። ሲበርድ በሰም አብሱት። ከአሮጌዎቹ ቀለበቶች ትንሽ ይጠቁራል፤ እንደዚያው ተዉት።

ተንታው
መጋቢት 12

የሰደፉ ብረት ትናንት አለቀ። ማዕዘኑን አባታችን በሦስት ግለት አወጡት፤ እብጠቱን ሲያዘጋጁ መዶሻው የሚያርፍበትን ድምፅ ብቻ እየሰሙ እንጂ ብረቱን ብዙም ሳያዩ ነበር። የጥላሸቱ ሥራ የእኔ ነበር። ዋንዛ ሥር ሠላሳ ጊዜ ብሎኝ ነበር፤ እኔን አርባ አንድ ጊዜ ፈጀብኝ፣ ቆጥሬዋለሁ። አሁን በብረቱና በእንጨቱ መካከል ወረቀት አይገባም፣ ከተበላው የታችኛው ጠርዝ በቀር። እሱን እንዳለ ትቼዋለሁ።

በውስጥ ፊቱ ማረሻውና ሁለቱ ነጥቦች አሉ፣ ከሥራቸው ዓመተ ምሕረቱ። መሮውን የያዙት እሳቸው፣ መዶሻውን የመታሁት እኔ ነኝ። በአሮጌዎቹ ቀዳዳዎች ከመዝጋቴ በፊት ፎቶ አንስቼ ለሐሊማ ልኬላታለሁ።

አረሩን ነፍጡ ሥር በትንሽ የሸክላ ሳህን አድርጌ አስቀምጬዋለሁ፣ ከነቀይ ክሩ። አባታችን ለፋሲካ ቤቴ ይመጣሉ፤ ገበታው ከነፍጡ ፊት ለፊት ነው የሚቀርበው።